የቤንጃሚን ፍራንክሊን ሕይወት

ቤንጃሚን ፍራንክሊን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1706 ዓ. ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻማና ሳሙና ሠሪ፣ ልጆቹም ብዙዎች ስለ ነበሩ፣ በ10 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ወደ ሥራ ገባ። በ17 ዓመቱም ወደ ፊላዴልፊያ ሄዶ በማተሚያ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠረ።

በዚያ ዘመን መጽሐፍ ውድ ነበረ። ስለዚህ በ1731 ዓ. ም. ፍራንክሊን 50 ሰዎችን አስማምቶ፣ እያንዳንዳቸው 40 ሽልንግ አዋጥተው የጋራ ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው በእነርሱ ተፈጸመ። በ1736 ዓ. ም. ደግሞ ከጎረቤቶቹ ጋር የእሳት አደጋ ማኅበር መሠረተ፤ አባሎቹም የቆዳ ባልዲ በየቤታቸው አዘጋጅተው፣ ቤት በተቃጠለ ጊዜ ይደርሱ ነበር።

በ1751 ዓ. ም. ለድሆች ሕሙማን ሆስፒታል ይሠራ ሲባል የአገሩ ምክር ቤት አመነታ። ፍራንክሊንም ሕዝቡ 2000 ፓውንድ ካዋጣ ምክር ቤቱም 2000 እንዲጨምር ሐሳብ አቀረበ። ሰውም ሁሉ የሰጠው እጥፍ እንደሚሆን ስላወቀ መዋጮው ሞላ፤ ሆስፒታሉም ተቋቋመ።

ፍራንክሊን በ1790 ዓ. ም. በ84 ዓመቱ ሞተ። እኛም ተማሪዎች በሰፈራችን የጎደለ ነገር ባየን ጊዜ፣ ሌላ ሰው እስኪሠራው ሳንጠብቅ፣ ጎረቤቶቻችንን ማስተባበርን ከእርሱ እንማር።