ሙሴ አልፍሬድ ኢልግና ጅማ ያልደረሰው ሐዲድ

ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ አገር ፍራውንፌልድ በተባለች ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ የምሕንድስና ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባለሙያ በፈለጉ ጊዜ፣ በ1871 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በቆዩበት አገልግሎት ድልድይ ሠርተዋል፤ ለቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ አምጥተዋል፤ በውጭ ጉዳይም የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆነዋል። ስማቸው ይበልጥ የሚነሣው ግን በምድር ባቡር ነው።

መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለኢልግ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ዘመኑ 99 ዓመት ነበር። መሥመሩም በሦስት ተከፈለ፦ አንደኛው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ እስከ ካፋና እስከ ነጭ ዓባይ።

በዚያን ጊዜ ካፋ በራሱ ንጉሥ የሚተዳደር አገር ነበር፤ በምኒልክ ግዛት ሥር የገባው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ወደ ካፋ የሚያልፈው የነጋዴ መንገድ የሚያርፍባት ጅማም ለምኒልክ ግብር እየከፈለች በውስጥ አስተዳደሯ በዳግማዊ አባ ጅፋር ትመራ ነበር። ስለዚህ በሂርማታ ገበያ አካባቢና ዛሬ አወቱ መንደራ በሚባለው ስፍራ ያርስ የነበረ ገበሬ ሐዲድ በማሳው ሊያልፍ እንደታሰበ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ውሉ በንጉሠ ነገሥቱና በፈቃድ ተቀባዩ መካከል የተደረገ ነው፤ ባለመሬቱ የውሉ ወገን አልነበረም።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በመልክዓ ምድሩ አስቸጋሪነት ሐረር ቀርታ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ። ኩባንያው ግን በገንዘብ እጦት ወደቀ። ኢልግ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1908 ዓ.ም. በዙሪክ ሲያርፉ ባቡሩ ገና አዲስ አበባ አልደረሰም ነበር፤ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው መሥመር በወረቀት ቀረ።

ኢልግ ሳይመልሱት ያለፉትን ጥያቄ የኋላው ሕግ ተራ በተራ አነሣው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት በሕግ ከተወሰነ የሕዝብ ጥቅም በቀር የማንም ንብረት እንዳይወሰድ ደነገገ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ተገቢ ካሣ እንዲከፈል አዘዘ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የካሣው ልክ በባለንብረቱ ላይ በእርግጥ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን አደረገ። የ1967ቱ አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ካሣው ከመሬቱ ወደ ንብረቱና ወደ ምርቱ ተሸጋገረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ካሣው በቅድሚያ እንዲከፈል ወሰነ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ምትክ መሬት ሳያገኝ ለዘለቄታው ለሚነሣ ገበሬ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን የዓመት ገቢ በ15 አባዝቶ እንዲከፈለው አዘዘ።

ወደ ጅማ የሚሄድ ሐዲድ በ2000ዎቹ ዓመታት እንደገና በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ ገብቶ ነበር። እንዲህ ያለ ሐሳብ በተነሣ ቁጥር የቀያሹና የገማቹ ሥራ ክብደት ይታያል። የቡና ተክል ፍሬ ለመስጠት ሦስትና አራት ዓመት ይፈጅበታል፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ቤተሰብ ይመግባል። የአንድ ክረምት ምርት ብቻ የቆጠረ ገማች ገበሬውን ይበድላል። ኢልግ ታላቅ መሐንዲስ ነበሩ፤ ከፈቃዳቸው የሚቀረው ትምህርት ግን የሐዲዱ መነሻና መድረሻ ሲወሰን በመካከሉ ያለውም ሰው መጠየቅ እንዳለበት ነው።