አል-ኪንዲና የተወሰዱበት መጻሕፍት



የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናታቸውን ዘርፍ የሚመርጡበት ሰሞን ነው። አንዱ ኢንፎርሜሽን ሴኩሪቲ ይላል፣ ሌላው ሮቦቲክስ፣ ሌላው አልጎሪዝም። ከዚሁ ጋር በየዶርሙ የሚወራ ሌላ ወሬ አለ፦ ማን የማንን ርዕስ ወሰደ፣ ማን የሠራውን ከማን ደበቀ። እኛም በዚህ እትም ሁለቱንም ነገር የሚነካ የአንድ ሰው ታሪክ ልናቀርብላችሁ ወደድን።

አቡ ዩሱፍ ያዕቁብ ኢብን ኢስሐቅ አል-ኪንዲ በ801 እ.ኤ.አ. ገደማ ኩፋ ውስጥ ተወለደ። ከኪንዳ ጎሳ ሲሆን አባቱ የኩፋ አሚር ነበር። ትምህርቱን ለመቀጠል ወደ ባግዳድ ሄደ። ጊዜው በኸሊፋ አል-መእሙን ድጋፍ የግሪክ መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ የሚመለሱበት ነበር። አል-ኪንዲ ተርጓሚዎችን እያሠራ ትርጉማቸውን ያርም፣ በላዩም የራሱን ይጨምር ነበር። ከአል-መእሙን በኋላ ኸሊፋ የሆነው አል-ሙዕተሲም ልጁን አሕመድን እንዲያስተምርለት ሰጠው። ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ሕንድ ቁጥሮች ጽፏል፤ ኢብን አን-ነዲም የዘረዘራቸው ሥራዎቹ ከ200 በላይ ናቸው።

በዚያው ከተማ በዚያው ዘመን ስሙ ለአልጎሪዝም መጠሪያ የሆነው አል-ኸዋሪዝሚ ነበር። በኑ ሙሳ የሚባሉት ሦስት ወንድማማቾች ሙሐመድ፣ አሕመድና አል-ሐሰንም ነበሩ። እነሱ በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ መሣሪያዎችን የገለጹበት መጽሐፍ ዛሬም የሮቦቲክስ ታሪክ ሲነሳ ይጠቀሳል። እንግዲህ አሁን በአንድ ዲፓርትመንት ሥር የምናገኛቸው ዘርፎች ገና ስም ሳይወጣላቸው ባግዳድ ውስጥ ጎረቤታሞች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ከአል-ኪንዲ ሥራዎች ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የሚቀርበው የሚስጥር ጽሑፍ ስለመፍታት የጻፈው አጭር መልእክት ነው። የተለመደው የመደበቂያ ዘዴ አንዱን ፊደል በሌላ ፊደል ወይም በምልክት መተካት ነበር። ዐረብኛ 28 ፊደላት ስላሉት የመተካኪያ መንገዶቹን አንድ በአንድ እየሞከረ ቁልፉን ላግኝ የሚል ሰው ዕድሜው አይበቃውም። አል-ኪንዲ ግን መገመቱን ትቶ መቁጠር ጀመረ። በዚያው ቋንቋ የተጻፈ ረዘም ያለ ተራ ጽሑፍ ይወሰዳል፤ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደመጣ ይቆጠራል፤ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ይደረደራል። የሚስጥሩ ጽሑፍ ምልክቶችም በተመሳሳይ መንገድ ይቆጠሩና ይደረደራሉ። ከዚያ የበዛው ምልክት ከበዛው ፊደል ጋር ይነጻጸራል። በዐረብኛ አሊፍ ቀዳሚ ነው፤ ላም ይከተለዋል። ጽሑፉ በጣም አጭር ከሆነ ቆጠራው እንደማያስተማምንም አስጠንቅቋል። ዛሬ በሴኩሪቲ ኮርስ መጀመሪያ ላይ ፍሪኩዌንሲ አናሊሲስ ተብሎ የሚሰጠው ይህ ነው፤ ስለ ዘዴው ከተጻፉትና እስከ ዛሬ ከተገኙት ጽሑፎችም የእሱ ቀዳሚው ነው። በአማርኛ ልሞክረው ለሚል፦ የኛ ሆሄያት ከ200 በላይ ስለሆኑ ከዐረብኛው የረዘመ ጽሑፍ ያስፈልገዋል።

አል-ሙተወኪል በ847 ኸሊፋ ሲሆን የአል-ኪንዲ ነገር ተበላሸ። ከዚህ ቀጥሎ የምንተርከውን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የሐኪሞችን ታሪክ የጻፈው ኢብን አቢ ኡሰይቢዓ አቆይቶልናል። ከበኑ ሙሳ ሙሐመድና አሕመድ በዕውቀቱ ስም ያወጣ ሰው ሲያዩ አያስችላቸውም ነበር። ከቤተ መንግሥት እንዲርቅ ያደርጉታል። በአል-ኪንዲም ላይ ነገር ሠሩበት፤ ኸሊፋውም አስገረፈው። ወንድማማቾቹ መጻሕፍቱን በሙሉ ወስደው ለብቻ በአንድ ቤት አኖሩና ያንን ቤት አል-ኪንዲያ አሉት። ማተሚያ በሌለበት ዘመን፣ ሁሉም በእጅ በሚጻፍበት ጊዜ፣ ከዓሊም እጅ መጽሐፍ መንጠቅ ዕድሜውን እንደመንጠቅ ነው።

ሁኔታውን የለወጠው አንድ ቦይ ነው። ኸሊፋው ለሚያሠራት አዲስ ከተማ ውሃ የሚያመጣ ቦይ እንዲያስቆፍሩ ወንድማማቾቹን አዘዛቸው። እነሱም ሥራውን ለአል-ፈርጋኒ ሰጡት። አል-ፈርጋኒ ግን የቦዩን አፍ ከሌላው ክፍል ይበልጥ ጥልቅ አድርጎ ስላስቆፈረው ወንዙ ሲቀንስ ውሃው የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። ወሬው ኸሊፋው ጆሮ ደረሰ። ስህተቱ እውነት ከሆነ ወንድማማቾቹን እዚያው ቦይ ዳር እንደሚሰቅላቸው ዛተ፤ አጣርቶ እንዲነግረውም መሐንዲሱን ሰነድ ኢብን ዐሊን አስጠራ።

ሰነድ ከቤተ መንግሥት እንዲርቅ ያደረጉት እነዚሁ ሰዎች ነበሩ። አሁን ሕይወታቸው በእጁ ስለሆነ ለመኑት። ከአል-ኪንዲም ጋር ቢሆን ሰነድ ወዳጅ አልነበረም፤ በመካከላቸው ጠብ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ሆኖም ለወንድማማቾቹ ያቀረበው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ራሱ አልነበረም። የአል-ኪንዲ መጻሕፍት አንድም ሳይቀር እስኪመለሱ ድረስ ስለ እናንተ ቃል አልናገርም አላቸው። ሙሐመድ መጻሕፍቱን መለሰ፤ ሁሉም እንደደረሱት የሚያረጋግጥ ጽሑፍም ከአል-ኪንዲ ተቀብሎ አመጣ። ሰነድም ቃሉን ጠበቀ። ጤግሮስ ሞልቶ ስለነበር ስህተቱ ለጥቂት ወራት አይታይም ነበር፤ ለኸሊፋውም ቦዩ ደህና ነው ብሎ ነገረው። ወንዙ ሳይጎድል አል-ሙተወኪል በ861 ተገደለ፤ ወንድማማቾቹም ተረፉ።

አል-ኪንዲ በ873 ገደማ ባግዳድ ውስጥ ሞተ። ከሥራዎቹ አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ስለ ሚስጥር ጽሑፍ የጻፈው መልእክት ግን ኢስታንቡል ውስጥ በሱለይማንያ ቤተ መጻሕፍት ቆይቶ በ1987 እ.ኤ.አ. ደማስቆ ላይ ታትሞ ወጣ።

በኑ ሙሳ ዕውቀት አልጎደላቸውም፤ መሣሪያዎቻቸው ዛሬም ያስደንቃሉ። የጎደላቸው የሌላውን ዕውቀት ማየት መቻል ነበር። ሰነድ ደግሞ ለማይወደው ሰው ሐቁን አስመለሰ። የጥናት ዘርፋችንን ስንመርጥ አብረን ልንመርጠው የሚገባን አንድ ነገር አለ፦ ከሁለቱ የማንን መንገድ እንደምንከተል። የጓደኛችሁ ሐሳብ፣ ኮድ ወይም ፍላሽ እጃችሁ ላይ ካለ፣ ሳይጠይቃችሁ መልሱለት።

ወላሁ አዕለም።