የተኛውን ጠላት የቀሰቀሱት ዩሊየስ ኩን

ስኳር ሲባል ለኛ ቶሎ ትዝ የሚለን ሸንኮራ አገዳ ነው። ጀርመኖች ግን ስኳር የሚያወጡት ሹገር ቢት ከሚባለው የቀይ ሥር ዘመድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ተክል በአንድ ማሳ ላይ ደጋግሞ ሲዘራ ምርቱ ከዓመት ዓመት እያሽቆለቆለ መጣ። ገበሬውም ፋብሪካውም ተጨነቀ። ብዙዎች መሬቱ ደክሟል፣ ፖታሽ አልቆበታል ብለው ደመደሙ። በዚህ ካልተስማሙት አንዱ ፕሮፌሰር ዩሊየስ ኩን ናቸው።

ኩን እ.ኤ.አ. በ1825 በሳክሶኒ፣ ፑልስኒትስ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ዩኒቨርሲቲ የገቡት 30 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። ከዚያ በፊት የእርሻ አስተዳዳሪ ስለነበሩ የገበሬውን ችግር በወሬ ሳይሆን በዓይናቸው ያውቁታል። በ1858 ስለ ሰብል በሽታዎች መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1862 ደግሞ በሃለ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፕሮፌሰር ሆኑ።

ሄርማን ሻክት የተባሉ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1859 በቢቱ ሥር ላይ ኔማቶድ የሚባል ረቂቅ ትል አግኝተው ነበር። ኩን ምርምሩን ገፉበትና መሬቱን አደከመ የተባለው ይኸው ትል መሆኑን አሳዩ።

ትሉን ማወቅ ግን አንድ ነገር ነው፣ ማጥፋት ሌላ። ሴቷ ስትሞት ሰውነቷ ጠንክሮ የስፒል ራስ የሚያህል ከረጢት ይሆናል። በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ይተኛሉ። የብርዱ ወራት አልፎ አፈሩ ሲሞቅ፣ የሚስማማቸው ተክል ሥር የሚያመነጨው ፈሳሽም ሲደርሳቸው ይፈለፈላሉ። ታዲያ ሁሉም ባንዴ አይነሱም፤ አንዳንዶቹ ለዓመታት አድፍጠው ይቆያሉ። ባዶ የመሰለ ማሳ ባዶ አይደለም ማለት ነው።

ኩን ምን አደረጉ? የተኛውን ራሳቸው ቀሰቀሱት! የጎመን ዘር ዘመድ የሆነ ተክል ይዘራል፤ ትሎቹ ተፈልፍለው ሥሩ ውስጥ ይገባሉ፤ እንቁላል ሳይሠሩ ተክሉ ይጠፋል። ከዚያ እንደገና ይዘራል። ዘዴው ጉልበት ይፈጃል። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ወጥመዱ ራሱ የትል ማራቢያ ሆኖ ያርፈዋል። ያልነቁት እንቁላሎችም ስለሚቀሩ ማሳው ፈጽሞ አይጸዳም።

ኩን በ1910 በ84 ዓመታቸው ሃለ ውስጥ አረፉ። ሐሳባቸው ግን አልሞተም። ዛሬ በአውሮፓ ትሉን ቀስቅሰው እንዳይራባ የሚያደርጉ የሰናፍጭ ዝርያዎች ለዚሁ ሥራ ይዘራሉ። ሁሉም መሬቱ ደከመ ሲል፣ ሥሩን ነቅሎ ማየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከኚህ ሰው ሕይወት እንማራለን።