ፊደልን ለሕፃን አፍ ያቀለለ መምህር፦ ያኮብ ጎጌባሽቪሊ

አንድን ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበብ ማስተማር ቀላል ሥራ አይደለም። እስቲ ዛሬ ዕድሜ ልኩን በዚህ ሥራ ላይ የደከመውን የጆርጂያ መምህር እናስተዋውቃችሁ።

ያኮብ ጎጌባሽቪሊ እ.ኤ.አ. በ1840 በጎሪ ከተማ አጠገብ ቫሪያኒ በምትባል መንደር ከአንድ ቄስ ተወለደ። ኪየቭ ሄዶ ከተማረ በኋላ ትብሊሲ ውስጥ በመንፈሳዊ ትምህርት ቤት አስተማረ። ያን ጊዜ ጆርጂያ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ስለነበረች፣ በየትምህርት ቤቱ ሩሲያኛ እየበረታ ጆርጅኛ እየተገፋ ሄደ። እሱም በ1874 ከማስተማር ሥራው ተሰናበተ።

ቋንቋውስ ቢሆን ለጀማሪ መች ቀላል ሆነና! ጆርጅኛ 33 ፊደላት አሉት፤ ከነዚህ ውስጥ አናባቢዎቹ 5 ብቻ ናቸው። 28ቱ ተነባቢዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለ አናባቢ ተደራርበው ይነገራሉ። ለምሳሌ አሠልጣኝ ለማለት «ምጽቭርትኔሊ» ይላሉ። የመጀመሪያው አናባቢ የሚሰማው 6 ተነባቢዎች ካለፉ በኋላ ነው፤ ቃሉ በሙሉ ሲቆጠር ግን 2 ቀለም ብቻ ነው። እኛ ብንሆን በየመሃሉ «እ»ን ሰንቅረን እንገላገል ነበር፤ እነሱ ግን እንዳለ ይሉታል። 8 ተነባቢዎች የተደራረቡበት ቃልም አላቸው።

ታዲያ ጎጌባሽቪሊ ምን አደረገ? ከሥራ ወጣሁ ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1876 «ዴዳ ኤና»፣ ማለትም «እናት ቋንቋ» የተባለውን የፊደል መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ የሚታወቅበት የመጀመሪያ ትምህርት «አኢ ኢአ» የሚል ነው፤ «እነሆ ሐምራዊ አበባ» ማለት ነው። ልብ በሉ፤ አንድም ተነባቢ የለበትም! ሕፃኑ በሁለት ፊደል ብቻ ትርጉም ያለው ነገር አነበበ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ተነባቢዎቹ ቀስ በቀስ፣ ከቀላል ወደ ከባድ እየተጨመሩ ይሄዳሉ።

በ1879 በጆርጂያውያን መካከል ማንበብና መጻፍን የሚያስፋፋው ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። የሩሲያኛ ጠላትም አልነበረም፤ በ1887 ለጆርጂያ ልጆች የሩሲያኛ መማሪያ አዘጋጅቷል። የሱ አቋም ልጅ አስቀድሞ በአፍ መፍቻው ይማር የሚል ነበር። በ1912 አርፎ ትብሊሲ ውስጥ ምታጽሚንዳ ተቀበረ፤ መጽሐፉ ግን ብዙ ትውልድ አስነበበ።

እኛም ነገ አንደኛ ክፍል ስንገባ ፊደሉን በዜማ ብቻ አስቆጥረን አንለፍ። ልጁ የሚያውቀውን አጭር ቃል፣ «ላም»ን ወይም «በግ»ን፣ በመጀመሪያው ሳምንት ራሱ እንዲያነብ እናድርገው።