ሐኪም ያዕቆብ በጎንደር

በጎንደር ቤተ መንግሥት ሐኪም ያዕቆብ እየተባለ ይጠራ የነበረው እንግዳ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። የተወለደው በ1730 ዓ.ም. ሲሆን (ዘመናቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በወጣትነቱ ሕግ መማር ጀምሮ ተወው። ሚስት ቢያገባም ጥቂት ወራት ብቻ አብራው ቆይታ በ1754 በፓሪስ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። የዚህን በሽታ ረቂቅ ተሐዋስ በቀለም ነክሮ በሚክሮስኮፕ ያሳየው ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ ሲሆን፥ ይህም የሆነው በ1882 ነው።

ብሩስ በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ካገለገለ በኋላ ወደ ሶርያ ተሻገረ። በአሌፖ ሳለም ከሐኪም ፓትሪክ ራስል ጥቂት የሕክምና ትምህርት ቀሰመ።  በ1769 ምጽዋ ወርዶ በ1770 በየካቲት ወር ጎንደር ሲገባ፥ በቍስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ብሩስ መስኮቱንና በሩን አስከፍቶ፥ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጥኖ፥ በሆምጣጤና በሙቅ ውሃ አሳጠበው። የወይዘሮ አስቴር ልጅም ስለ ዳነ በእቴጌይቱ ዘንድ ሞገስ አገኘ።

ነገር ግን ከኢጣልያ አብሮት የመጣውን ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒን ሊያድነው አልቻለም፤ ባሉጋኒ በጎንደር በተቅማጥ ደም ሞተ። ለዚህ በሽታ የአገሩ ሰው ዋጊኖስ የሚባለውን ዕፅ ይሰጥ ነበር፤ ብሩስም ራሱ ታሞ በእርሱ እንደ ዳነ ጽፏል። የዕፁም የሳይንስ ስም በብሩስ ተሰይሟል። ተቅማጥ ደም ግን አንድ በሽታ አይደለም። አንዱን የሚያመጣው አሜባ ሲሆን በ1875 በሩስያ ሎሽ አየው፤ ሌላውን የሚያመጣውን ባክቴሪያ በ1897 በጃፓን ሺጋ አገኘው። የሁለቱም መድኃኒት ይለያያል። አሜባው የሚታየው ሰገራው ሳይቀዘቅዝ ጥቂቱ በመስተዋት ላይ በጨው ውሃ ተበጥብጦ በሚክሮስኮፕ ሲመረመር ነው፤ ባክቴሪያው ግን በሳሕን ላይ በረጋ ምግብ ተዘርቶ፥ በሙቀት አድሮ ሲበቅል ይለያል። በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው በዚያችው በጎንደር ነው።

ብሩስ ኮሶንም ሥሎ አስተዋውቋል፤ ሕዝቡ የኮሶ ትልን ለማውጣት በየጊዜው ሲጠጣው አይቶ ነበርና። በ1770 በኅዳር ግሽ ዓባይን አየ። ከእርሱ በፊት በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ ማየቱን አለመቀበሉና ባሉጋኒ አብሮት እንደ ነበረ መደበቁ ግን ስሙን የሚያጎድፍ ነው።

በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በስናር በኩል ሲመለስ እግሩን የጊኒ ትል ያዘው፤ ትሉም ሲሳብ ተበጥሶ እጅግ አሠቃየው። ትሉ ከኩሬ ውሃ ጥቃቅን ፍጥረታት ጋር ተጠጥቶ እንደሚገባ ሩስያዊው ፌድቼንኮ የገለጠው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረውን የመጽሐፈ ሄኖክን ሦስት ቅጂ ወደ ኤውሮጳ ወሰደ። የጉዞውን ታሪክ በ1790 በአምስት ቅጽ ቢያሳትምም የሎንዶን ሰዎች ብዙውን ሐሰት ነው አሉት። በ1794 እንግዳ ሊሸኝ ሲወርድ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።