ሦስት ጊዜ የተሸነፈው እጩ

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ሦስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ሦስቱንም ጊዜ ስለተሸነፈ ሰው ነው። ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ይባላል። በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት በ1860 ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕግ ተምሮ ወደ ነብራስካ ሄደ፤ በ1890ም ለኮንግሬስ ተመረጠ።

የነብራስካን ገበሬዎች ችግር ሳናውቅ የእርሱን ሕይወት ልንረዳ አንችልምና ጥቂት እንቆይበት። የ1873ቱ ሕግ የብር ዶላር መመታቱን ካስቀረ በኋላ የአገሪቱ ገንዘብ በወርቅ ይለካ ጀመር። (እኛ ገንዘባችንን ብር ማለታችን ከዚሁ ማዕድን የመጣ ነው።) ሕዝቡና ምርቱ ሲበዛ ወርቁ በዚያው ልክ አልበዛም፤ ስለዚህ የእህል ዋጋ ወደቀ። ቡሽል በሚባለው መስፈሪያ አንድ ቡሽል ስንዴ አንድ ዶላር ሲያወጣ 100 ዶላር የተበደረ ገበሬ፣ 100 ቡሽል ሸጦ ዕዳውን ይከፍላል። በ1894 ግን ዋጋው ወደ ግማሽ ዶላር ወርዶ ነበርና 200 ቡሽል መሸጥ ግድ ሆነበት። ዕዳው በወረቀት ላይ አልጨመረም፤ ድካሙ ግን እጥፍ ሆነ። ትርፉ የአበዳሪው ነው። እርሻውን በመያዣ ያስያዘውም ብዙ ሰው መሬቱን አጣ።

ብራያን ብርም እንደ ወርቅ፣ 16 እጅ ለአንድ እጅ እየተሰላ በነጻ ይመታ አለ። በሐምሌ 1896 በቺካጎ በፓርቲው ጉባኤ ላይ ተነሥቶ ሲናገር ገና 36 ዓመቱ ነበር። የወርቁን ሥርዓት በሠራተኛው ራስ ላይ ከተደፋ የእሾህ አክሊልና ከመስቀል ጋር አመሳሰለው፤ ሰዎቹም በትከሻቸው ተሸከሙት። የጌታን መከራ ለምርጫ ንግግር ማዋሉ ይገባ ነበርን? እኛም ይህን ስናዘጋጅ ተከራክረንበት አልተስማማንም።

ከዚያ በባቡር 18,000 ማይል ያህል ተጉዞ ሕዝቡን ቀሰቀሰ። ተቃዋሚው ማኪንሊ ከቤቱ ሳይርቅ፣ ከባንኮችና ከትላልቅ ኩባንያዎች በተሰበሰበ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አሸነፈው። ሆኖም የገንዘብ ኃይል ብቻ አልነበረም፤ የከተማው ሠራተኛ ደመወዙ ሳይጨምር ዳቦ ይወደድብኛል ብሎ ፈርቷል። ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም። ኋላ በደቡብ አፍሪካና በክሎንዳይክ ወርቅ በብዛት ሲወጣ፣ ያለ ብሩም ዋጋ ማንሠራራት ጀመረ።

በ1900ና በ1908ም ተሸነፈ። በ1913 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለ ግን አዲሱ የፌዴራል ሪዘርቭ የባንክ ሕግ ሲረቀቅ፣ የገንዘብ ኖቱ የመንግሥት ግዴታ እንዲሆን፣ የበላይ ቦርዱንም ባንከኞች ሳይሆኑ ፕሬዚዳንቱ እንዲሾም አጥብቆ ተከራከረ፤ ተሳካለትም።

ለድሃ የቆመው ይህ ሰው፣ በደቡብ ግዛቶች የመምረጥ መብታቸውን ለተነጠቁት ጥቁሮች አልተሟገተም። ይህን ሳንጽፍ ብናልፍ ሐቁን መሸፈን ይሆንብናል።

ሐምሌ 26 ቀን 1925፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ከምሳ በኋላ እንደተኛ አረፈ። አሜሪካ ለዜጎቿ በኖት ምትክ ወርቅ መክፈልን ያቆመችው ከዚያ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1933 ነው።