የማግኔት መርፌና የጎንደር ተራሮች፦ የአንትዋን ዳባዲ ሕይወት

ከሰማይ ወርዶ በምድር ውስጥ የሰመጠ የብረት ድንጋይ የማግኔትን መርፌ ከአቅጣጫው ስለሚያዛባ ያለ ቁፋሮ ሊፈለግ ይችላል። ለፈላጊው ምልክት የሚሆነው ይኸው መዛባት ግን ለቀያሽ የስሕተት ምንጭ ነው። የሰሜን ጎንደር ደጋም በአብዛኛው ብረት አዘል በሆነ ባዛልት የተሠራ በመሆኑ፣ በኮምፓስ ብቻ የተማመነ ቀያሽ በቀላሉ የሚሳሳትበት አገር ነው።

አንትዋን ዳባዲ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1810 በደብሊን ከተማ ተወለደ። በ1836 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የማግኔት መርፌን ዕለታዊ ለውጥ እንዲያጠና ወደ ብራዚል ላከው። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በምፅዋ በኩል ገብቶ ጎንደር ደረሰ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ስለ ነበረ መንገዱ አስተማማኝ አልነበረም። መሠረታዊ መሥመርን በሰንሰለት እየለኩ መቀየስም የማይታሰብ ነበር።

ስለዚህ ፈጣን የቅየሳ ዘዴ አበጀ። ከተራራ ጫፍ ሆኖ በዙሪያው የሚታዩትን አምባዎች ማዕዘን በቴዎዶሊት ይለካል፤ ኬክሮስን ከሰማይ አካላት ያገኛል፤ ከፍታን ደግሞ ውኃ ከሚፈላበት የሙቀት መጠን ያሰላል። እስከ 1848 ድረስ በዚህ አኳኋን ሠራ፤ በ1843ም እስከ ከፋ ዘለቀ።

ሆኖም ፈተና አላጣውም። በ1846 ከወንድሙ ጋር የግቤን ምንጭ አግኝቶ የነጭ ዓባይ መነሻ ይህ ነው አለ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ወደ ከፋ መሄዱን እንኳ ተጠራጠረ፤ በ1851ም ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር የተቀበለውን ሜዳልያ በተቃውሞ መለሰ። ዳባዲ ከ1860 እስከ 1873 ባሳተመው የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ ልኬቶቹን ከ10 ካርታዎች ጋር ለሕዝብ አቀረበ። የተጠራጠረ ሁሉ ስሌቱን ራሱ መመርመር ይችል ዘንድ በሩ ተከፈተ።

ስለ ዓባይ የሰጠው ፍርድ ግን ስሕተት ነበር። በ1896 የቪቶርዮ ቦቴጎ ጉዞ ግቤ የሚገብርለት ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ እንደሚፈስ አረጋገጠ። ዳባዲ በዓመቱ በፓሪስ ዐረፈ።

234 የብራና መጻሕፍትን የሚዘረዝር ካታሎግና በ1881 የታተመ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ትቷል። ከማዕዘኖቹ የተነሣው መደምደሚያ ቢወድቅም ማዕዘኖቹ አልወደቁም። የመስክ መዝገብን ከግምት ለይቶ መጠበቅ ለባለሙያ ያለው ዋጋ ከዚህ ሕይወት በግልጽ ይታያል።